ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ቀድሞ ማመልከት፦ የመግባት ዕድል እንዴት ይመዘናል?

በኩታበር፣ በደሴና በኮምቦልቻ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ቀድሞ ማመልከት የሚባል አሠራር አያጋጥመውም። በአገር አቀፉ ፈተና የማለፊያ ውጤት ያመጣ ተማሪ በትምህርት ሚኒስቴር ይመደባል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከአንደኛው ዓመት የጋራ ኮርሶች በኋላ ነው። ይህንኑ ሙያ በአሜሪካ ለመማር የሚያስብ ተማሪ ግን 12ኛ ክፍልን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀድሞ ማመልከት ወይም መደበኛውን ጊዜ መጠበቅ እንደሚሻለው መወሰን ይኖርበታል። ውሳኔው በችኮላ የተሰጠ እንደሆነ ቤተሰቡን ሊከፍለው በማይችለው ወጪ ፊት ሊያቆም ይችላል።

ሁለቱ የቅድሚያ መንገዶች

«ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለው መንገድ አስገዳጅ ነው። ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ ተወካይ በሚፈርሙት ስምምነት መሠረት ተቀባይነት ያገኘ አመልካች ሌሎች ማመልከቻዎቹን ሁሉ ሰርዞ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በመሆኑም በአንድ ጊዜ በዚህ መንገድ የሚመለከተው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ከስምምነቱ ለመውጣት የሚያበቃው ዋናው ምክንያት የተፈቀደው የገንዘብ ድጋፍ ለመማር የማያስችል ሆኖ መገኘቱ ነው። «ኧርሊ አክሽን» የሚባለው መንገድ ግን ቀድሞ መልስ ከማግኘት በቀር አያስገድድም፤ ተማሪው እስከ ሜይ 1፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ ሌሎች መልሶችን አነጻጽሮ ሊወስን ይችላል። ሆኖም አንዳንዶቹ ገደብ ያኖራሉ። ለምሳሌ በጆርጅታውን ቀድሞ ያመለከተ ተማሪ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አስገዳጅ ማመልከቻ ማስገባት አይፈቀድለትም።

የማስገቢያው ቀን በአብዛኞቹ ዘንድ ኖቬምበር 1 ነው። ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 22፣ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። መልሱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንታት ይሰጣል። መደበኛው ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን፣ መልሱ በመጋቢት ይታወቃል።

አኀዞቹ የሚሉትና የማይሉት

ቀድሞ ማመልከት ዕድልን እንደሚያሰፋ በሰፊው ይነገራል፤ ለዚህም የሚጠቀሱ እውነተኛ አኀዞች አሉ። በዬል ዩኒቨርሲቲ በ2024 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ትምህርት ለመጀመር ቀድመው ካመለከቱት ውስጥ ተቀባይነት ያገኙት ከመቶ 9 ያህሉ ነበሩ፤ ከጠቅላላው አመልካች ግን ከመቶ 4 አልሞሉም። ይሁንና ልዩነቱ የተገኘው ከቀኑ ቀዳሚነት ብቻ አይደለም። ቀድመው ከሚያመለክቱት መካከል ለስፖርት ቡድን አስቀድመው የተመለመሉ፣ ማስረጃቸው በበጋው የተሟላና የልዩ አማካሪ ድጋፍ ያላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የእነርሱ ዕድል ለሌላው አመልካች አይተላለፍም። በተጨማሪም አኀዙ የአሜሪካ ዜጎችንና የውጭ አገር አመልካቾችን አንድ ላይ የሚቆጥር ነው።

ጆርጅታውን በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። በ1919 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ስመ ጥር ነው። ዩኒቨርሲቲው ቀድመው ለሚያመለክቱት የተለየ ብልጫ አይሰጥም፤ በቅድሚያው ዙር ያልተቀበላቸውንም ወደ መደበኛው ዙር ያሸጋግራል። በዚህ ቦታ ቀድሞ ማመልከት የሚያስገኘው ጥቅም መልሱን ቶሎ ማወቅ ነው።

የገንዘብ ድጋፍ

ሙሉ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ ከቀኑ ይልቅ ዩኒቨርሲቲው ለውጭ አገር አመልካች የሚከተለው የድጋፍ መመሪያ ይበልጥ ዕድሉን ይወስነዋል። ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ሃርቫርድና ዳርትመዝ የአመልካቹን የመክፈል አቅም ሳይመለከቱ ይወስናሉ፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን ይሸፍናሉ። ብዙዎቹ ሌሎች ግን የመክፈል አቅምን ከውሳኔው ጋር ያያይዛሉ፤ ለውጭ አገር ተማሪዎች የያዙት ገንዘብም ውሱን ነው። ስለዚህ የዳርትመዝ ማመልከቻ አስገዳጅ ቢሆንም ችግረኛ ቤተሰብን የሚያጋልጥ አይደለም፤ ድጋፉ በተወሰነበት ዩኒቨርሲቲ አስገዳጅ ስምምነት መፈረም ግን የሌሎችን ድጋፍ የማነጻጸር መብትን አሳልፎ መስጠት ነው። እንዲህ ባለው ሁኔታ አስገዳጁን መንገድ መተው ይመረጣል። «በቅድሚያ ማመልከቻ መግባቱን እናረጋግጣለን» እያሉ ክፍያ የሚጠይቁ ደላሎች ይህን ልዩነት ሲናገሩ አይሰማም፤ መግባትን ማረጋገጥ የሚችልም ከዩኒቨርሲቲው በቀር የለም።

የድጋፍ ማመልከቻው የቤተሰብ ገቢን በማስረጃ ይጠይቃል። ለደመወዝተኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይበቃል። በግብርና ለሚተዳደር ቤተሰብ የመሬት ይዞታ ደብተርና ገቢን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ቢዘጋጅ ይጠቅማል። ገቢው በብር ተገልጾ፣ ወደ ዶላር የተመነዘረበት ቀንና ተመን አብሮ መጻፍ አለበት።

የኩታበር ተማሪ ዝግጁነት

ያልተሟላ ማመልከቻን ቀድሞ ማስገባት ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም። ጆርጅታውንን ጨምሮ የሳት ፈተና ውጤትን የሚያስገድዱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለጥቅምት 22 የሚደርሰው በነሐሴ ወይም በመስከረም መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና ነው፤ ምዝገባውም ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ፈተናው በአዲስ አበባ ስለሚሰጥ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝን፣ ማደሪያንና የጸና ፓስፖርትን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱን ሪፖርትና የውጤት ማስረጃ በኢንተርኔት የሚልከው የትምህርት ቤቱ ሰው ነው፤ አማካሪ በሌለበት ርዕሰ መምህሩ ሊፈጽመው ይችላል። ለዚህ የሚያገለግል የኢሜይል አድራሻ ከክረምቱ በፊት ካልተዘጋጀ፣ በትምህርት መጀመሪያ ወከባ ውስጥ መዘግየቱ አይቀርም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን ሲደርስ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በዚያም ሆነ ከዚያ ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር ትምህርቱ የተቋረጠበት ወይም ማኅደሩ የጠፋበት ተማሪ ምክንያቱን በአጭሩ፣ በቀንና በማስረጃ መግለጽ ይገባዋል። ትምህርት ቤቱም በሪፖርቱ ይህንኑ ቢያረጋግጥለት ክፍተቱ እንደ ስንፍና አይቆጠርም። ይህ ደብዳቤ እስኪገኝ መደበኛውን ዙር መጠበቅ ብልህነት ነው።

ድርሰቱም ጊዜ ይፈልጋል። ስለ ዓለም ሰላም በጥቅሉ የሚጽፍ አመልካች ብዙ ነው። የኩታበር ተማሪ ግን ከጎረቤቱ አምባሰል ወረዳ ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል፣ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ቃል መለያየት ያስከተለውንም ከቅርብ የሚያውቀው ነው። የሚኖርበትን አገር ታሪክ በራሱ አስተያየት የመረመረ ጽሑፍ ከተውሶ ሐሳብ ይልቅ ክብደት አለው።

ከመልሱ በኋላ

ወደ መደበኛው ዙር የተሸጋገረ አመልካች የ12ኛ ክፍልን የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት ውጤትና አዲስ የፈተና ውጤት መላክ ይችላል። ጆርጅታውን በኳታር ያለው ቅርንጫፉ ከ2005 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ይህንኑ የውጭ አገልግሎት ዲግሪ ይሰጣል፤ የገንዘብ ድጋፍ ሥርዓቱ ከዋሽንግተኑ የተለየ ስለሆነ ለብቻው መመዘን አለበት። በታኅሣሥ የተቀባይነት መልስ ያገኘም ቢሆን አገር አቀፉን ፈተና መተው የለበትም። የማለፊያውን ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4 ብቻ ስለነበሩ የአገር ውስጡ ምደባ ያለ ዝግጅት የሚገኝ መጠባበቂያ አይደለም። የአሜሪካ ትምህርት በነሐሴ ሲጀመር የፈተናው ውጤት ገና ላይታወቅ ስለሚችል፣ የሚጓዝ ተማሪ ማስረጃውን ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የሚቀበልለትን ሰው በሕጋዊ ውክልና ለይቶ ቢሄድ ይመረጣል።