አምስት ሜትር የወረደች ፀሐይ

ከቲሊሊ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዘንገና አጠገብ ሲደርስ መኪና አስቁሞ የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ነው። እኔም ባለፍኩ ቁጥር እወርዳለሁ። ዘንገና እሳተ ገሞራ የቆፈረው፣ ደን የከበበው ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ይበልጣል። ዳር ዳሩ ላይ ውሃው ጠጠሩን ያሳያል፤ ጥቂት ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፤ መሐሉ ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው። ውሃው ግን በጥቂቱ ቢቀዳ ቀለም አይታይበትም። የፀሐይን ብርሃን እየዋጠ ወደ ታች ያሳልፋል፤ አንዱን ቀለም ቀድሞ፣ ሌላውን ዘግይቶ። ቀዩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ያልቃል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተሉታል፤ በጠራ ውሃ ውስጥ ከሁሉም ርቆ የሚወርደው ሰማያዊው ነው።

ዘንገና የደጋ ውሃ ነው፤ ኮራል አይኖርበትም። ቢሆንም በቤቱ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያኖር ሰው የሚጨነቅበት ጥያቄ እዚህ ሐይቅ ዳር ቆሞ በዓይን ይታያል፦ የትኛው ብርሃን፣ ምን ያህል፣ ስንት ሜትር ድረስ?

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ሲነኩት እንስሳ ነው፤ አኗኗሩ ግን ወደ ተክል ያደላል። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ያኖራል፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ሠርተው አብዛኛውን ድርሻ ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ። ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 በሞሪስ ዮንግ የሚመራ የብሪታንያ ቡድን በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ከርሞ ኮራሎችን ብርሃን በማይገባው ሣጥን ከደነ። ኮራሎቹ ወዲያው አልሞቱም፤ አልጌዎቻቸውን አጥተው ግን ነጡ። በ1944 ደግሞ ጃፓናዊው ሲሮ ካዋጉቲ የአልጌዎቹን ዘር ለየ። ከዚያ ወዲህ ኮራል ማርባት ማለት ከሁሉ በፊት ብርሃን መመገብ ማለት ሆነ።

ነገሩ ለደገኛ ሩቅ ይመስላል፤ ለኢትዮጵያ ምድር ግን ሩቅ አይደለም። በአፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ዳር ዳር፣ የደረቁ የኮራል ሪፎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር እስከዚያ ይደርስ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ከዚያው ከደናክል የጨው ሜዳ የተጠረበው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ እስከ ጎጃም ገበያዎች ይደርስ ነበር፤ ወጥ አጣፍጧል፣ እንደ ገንዘብም ተቆጥሯል። ስለዚህ የእኛ አያቶች ኮራል ባያዩም፣ ኮራል ይኖርበት ከነበረው ሰርጥ የወጣውን ጨው በእጃቸው ይዘው ተገበያይተዋል።

የቀይ ባሕርን ሕያው ኮራል በሰፊው ካጠኑት አንዱ ጀርመናዊው ክርስቲያን ኤረንበርግ ነው። በ1820ዎቹ ከባልደረባው ከሄምፕሪሽ ጋር ባሕሩን አሰሰ፤ ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ ኤረንበርግ የቀይ ባሕር ኮራሎችን ጥናት በ1834 አሳተመ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተቀላቀለችበት ወቅት፣ ጣሊያናዊው ፎልኮ ኩዊሊቺ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ «ሴስቶ ኮንቲኔንቴ»ን ቀረጸ፤ በ1954 የወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ ባለ ቀለም የባሕር ውስጥ ፊልሞች አንዱ ነው። ወደ ጥልቅ የወረደ ጠላቂ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ያለ መብራት ሲታይ ግራጫና ሰማያዊ የነበረው ግድግዳ መብራት ሲበራበት ቀይና ቢጫ ይሆናል።

ባሕርን ቤት የማስገባቱ ሙከራ የጀመረው በመስኮት ብርሃን ነው። የለንደን የአራዊት ማቆያ በ1853 የሕዝብ አኳሪየም ሲከፍት ከሥራው ጀርባ ፊሊፕ ጎስ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉን አወጣ፤ የእንግሊዝ ሳሎኖችም በመስተዋት ገንዳ ተሞሉ። የሰሜን አገር ክረምት ፀሐይ ግን ለሐሩር ባሕር ኮራል የሚበቃ አልነበረም። በ1950ዎቹ የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በምድር ወገብ ፀሐይ ሥር፣ ከባሕር በወጣ ሕያው ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ኮራል አኖረ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው እሱን ነው፤ የፈለገው ብርሃን በነጻ ከደጁ ነበረና ተጠቀመበት። ፀሐዩ የሌላቸው ደግሞ መብራት ፍለጋ ገቡ። ፍሎረሰንቱ ደካማ ነበር። በ1980ዎቹ የተስፋፋው ሜታል ሃላይድ ጠንካራ ኮራሎችን አሳደገ፤ ነገር ግን ውሃውን ያሞቃል፣ ቆጣሪውንም ያስሮጣል። መፍትሔው የመጣው ከሰማያዊው ኤልኢዲ ነው፤ ሠሪዎቹ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባሕር ርቆ የሚያሳልፈው ቀለም ሰማያዊው ነውና ለኮራል ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የቤት ገንዳ ብዙ ጊዜ ከ50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር አይጠልቅም። ይህ ውሃ ብርሃን አያጣራም። አምስት ሜትር ወይም አሥር ሜትር የወረደችውን ፀሐይ መምሰል ያለበት ራሱ መብራቱ ነው። ዳንግላ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የቤት አምፖል ካርቶን ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ቁጥር ካለ ነጭ የቀን ብርሃን ማለት ነው፤ 3000 ካለ ቢጫ ነው። የኮራል መብራት ከ10,000 እስከ 20,000 ይደርሳል። የቀለሙ ቁጥር ግን ስለ ብርታት አይናገርም። ብርታት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ በሚያርፈው የብርሃን መጠን፣ በማይክሮሞል ነው፤ ፓር ይሉታል። የሐሩር ቀትር ፀሐይ ወደ 2000 ይጠጋል። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል፤ ቅርንጫፍ የሚያወጡት ጠንካሮቹ ከ250 በላይ ይወዳሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲስ መብራት ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን እስከ ጫፍ ሲያበራው ነው። በፋግታ ለኮማ የደከረንስ ዛፍ ችግኝ የሚያፈላ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ችግኙን ከጥላ አውጥቶ በአንዴ ሜዳ ላይ አይተክልም፤ ዳሱን ቀስ በቀስ ያሳሳል፣ ችግኙን ያጠነክራል። ኮራልም እንደዚሁ ነው። በግማሽ ወይም በሲሶ ኃይል ተጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። መቀነሻ የሌለው መብራት ከሆነ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው፤ ከ20 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ማንሣቱ ብርታቱን በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ኮራሉ ከነጣ ብርሃኑ በዝቶበት ሊሆን ይችላል፤ ቡናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንሶት አልጌ አብዝቶ ነው። አንዱን ነገር ለውጦ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በየቀኑ መነካካት ያደክመዋል።

የሰዓቱ ነገር ለእኛ ይቀላል። የአዊ ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል ብዙም አያንስም፣ 13 ሰዓትም አይሞላም፤ የሐሩር ባሕር ቀንም እንደዚያው ነው። ሰዓታችን ከንጋት ስለሚቆጠር የመብራቱን ሥርዓት በቃል መያዝ ይቻላል፦ 2 ሰዓት ላይ ሰማያዊው ብቻ፣ ከ4 እስከ 11 ሙሉው፣ ከዚያ እየደበዘዘ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት።

እንጅባራ ላይ ኮራል ማኖር የሚያስብ ሰው ብርዱንም ማሰብ አለበት፤ ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ መቆየት ስላለበት ማሞቂያ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያስፈራው ደግሞ ጨለማው አይደለም። ኮራል አንድ ሁለት ደመናማ ቀን ይችላል። የውሃው ፓምፕ ቆሞ ኦክስጅን ሲያልቅ ግን በሰዓታት ውስጥ ገንዳው ይሞታል። ስለዚህ ባትሪ የሚገዛ ሰው ከመብራቱ በፊት ለፓምፑ ይግዛ።

የመብራቱና የፓምፑ ኃይል የሚመጣበትን ማሰብ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ አራት ተርባይኖች አሉት፤ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የጣና ውሃ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ከመሬት በታች ሄዶ ተርባይኖቹን መትቶ ወደ በለስ ወንዝ ይወጣል።