በኢትዮጵያ ገጠር የሚታዩ አዳኝ አዕዋፍ

አዳኝ አዕዋፍ በቆልማማ መንቁርና በሹል ጥፍር የሚታወቁ ሥጋ በል ወፎች ናቸው። ጭልፊት፣ ንስርና ጥንብ አንሳ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። በአማርኛ «አሞራ» የሚለው ስም ብዙዎቹን በአንድነት ስለሚጠራ ጫጩት የሚነጥቀው፣ አይጥ የሚያድነውና ጥንብ የሚያጸዳው ወፍ አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ። አለመለየታቸው ጉዳት አለው፤ በጭልፊት ጥፋት ለገበሬው የሚጠቅም ወፍ ሊገደል ይችላል።

መለያ ምልክቶች

ቀለም ብቻውን አስተማማኝ መለያ አይደለም። ከፍ ብሎ የሚበር ወፍ ከሰማዩ ብርሃን የተነሣ ጥቁር መስሎ ይታያል፤ በብዙ ዝርያዎችም ገና ያላደገው ወፍ መልኩ ከአዋቂው ይለያል። ስለዚህ በመጀመሪያ የጅራቱን ቅርጽ፣ ቀጥሎ የክንፉን ስፋትና አበራረሩን፣ ከዚያም የታየበትን ቦታና የሚበላውን መመልከት ይገባል።

ጭልፊት

በከተማና በመንደር አዘውትሮ የሚታየው ጭልፊት ቡናማ ሲሆን የአዋቂው መንቁር ቢጫ ነው። ዋና መለያው እንደ መንሽ መሐሉ ገባ ያለው ጅራቱ ነው። ሲበር ጅራቱን ወዲያና ወዲህ እያጣመመ አቅጣጫውን ይለውጣል። ጫጩት፣ አይጥ፣ ነፍሳትና የተጣለ ሥጋ ይበላል። በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው የቅርብ ዘመዱ መንቁሩ ጥቁር ነው።

ኦገር ባዛርድ

በደጋው እርሻና ግጦሽ ላይ በዛፍ ወይም በእንጨት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን የሚያይ፣ ክንፈ ሰፊና ጅራተ አጭር ወፍ ነው። ጀርባው ጥቁር ግራጫ፣ ሆዱ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው። ሆዱም ጥቁር የሆነ ዓይነት አለ፤ የአዋቂው ጅራት ግን በሁለቱም ዘንድ ቀይ ዳማ ስለሆነ በዚያ ይለያል። አይጥና የመሳሰሉትን እህል አጥፊዎች እንዲሁም እባብ ስለሚመገብ ለገበሬ ባለውለታ ነው።

ንስሮች

ጉትያማው ንስር ጥቁር ነው፤ በራሱ ላይ ረጅም ጉትያ አለው። ሲበር በክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ነጭ ሰሌዳ ይታያል። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ ነው። የቬሮ ንስር ደግሞ በገደላማ ስፍራ ይኖራል፤ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ በተለይ ሽኮኮ ያድናል። በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ዳር የሚታየው ዓሣ አዳኝ ንስር ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ ነው፤ ከሩቅ በሚሰማው ጩኸቱም ይታወቃል።

ጥንብ አንሶች

ጥንብ አንሶች ክንፋቸው ረጅምና ሰፊ ነው፤ ብዙ ሳያርገበግቡ በሞቃት አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። እግራቸው ከመንጠቅ ይልቅ ለመራመድ የተስማማ ስለሆነ ዶሮ ይዘው መብረር አይችሉም። በቄራ አካባቢ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ቡናማ ሲሆን መንቁሩ ቀጭን፣ ፊቱም መላጣና ሮዝማ ነው። የሩፔል ጥንብ አንሳ ግዙፍ ነው፤ ላባዎቹ በነጣ ያለ ጠርዝ እንደ ቅርፊት የተደራረቡ ይመስላሉ። ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ከጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የዚህ ዝርያ አንድ ወፍ በ1973 እ.ኤ.አ. በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ በ11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል።

በሰሜን ተራሮች የሚገኘው አጥንት ሰባሪ አሞራ ከሌሎቹ የሚለየው በጠባብ ረጅም ክንፉና እንደ ሽብልቅ በሾለ ጅራቱ ነው። አጥንት በእግሩ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰብረዋል፤ ከዚያም መቅኑንና ስብርባሪውን ይበላል።

ጥቅምና አደጋ

የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ በጥንቡ ውስጥ ያሉ ብዙ የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል። ሆኖም ለጅብና ለባለቤት አልባ ውሾች ተብሎ የተመረዘ ሥጋ እነርሱንም ይፈጃል፤ በአንድ ጥንብ ላይ ብዙ ሆነው ስለሚሰፍሩ በአንድ ጊዜ መንጋው ሊያልቅ ይችላል። ትንሹና የሩፔል ጥንብ አንሳ በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች መካከል ተመዝግበዋል።

በሕንድ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት፣ የታከመውን ከብት ጥንብ የበሉትን ወፎች ኩላሊት እያበላሸ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል። ለከብት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ በአገሪቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታግዷል። ጥንብ አንሶቹ ሲጠፉ ሳይነሣ የቀረው ጥንብ ለባዘኑ ውሾች ምግብ ሆነ፤ የውሾቹም ቁጥር ጨመረ።