የብረት ቀለበት

የፒያሳ ብዙው አሮጌ ቤት በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት ነው። የእኅቴ ልጅ ልታገባ ቀን ቆርጣ፣ እጮኛዋ ደግሞ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ኖሮ፣ "ጋሼ፣ ቀለበት ስመርጥ አብረኸኝ ሂድ" አለችኝ። መቼም ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ወርቅ ምን ያውቃል? ቢሆንም ሄድኩ።

ልጅቷ ነርስ ናት። በቀን ስንት ጊዜ እጇን እንደምትታጠብ፣ ስንት ጊዜ ጓንት እንደምታጠልቅ እሷና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። "ለሠርግ ቀን ብቻ የሚሆን አልፈልግም፤ በየቀኑ የማደርገው ይሁን" አለች።

ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው በወሎ ኦፓል ላይ ነው። ከደላንታ ገደል የሚወጣው፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዓለም ያወቀው ይህ ድንጋይ እውነትም ልብ ይሰርቃል። ባለሱቁ ግን የራሱን ዕቃ የማያሞግስ፣ በዘመናችን ብርቅ የሆነ ነጋዴ ነበር። "ይሄ ውኃ ይጠጣል፣ እኅቴ" አላት። እውነቱን ነው። የወሎ ኦፓል ውኃ ውስጥ ሲቆይ ውኃውን ይመጥና ያ ሁሉ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ሽቶና ዘይት ሲሆን ግን አደጋ አለው። ለበዓል እንጂ እጇን ቀኑን ሙሉ ለምትታጠብ ሴት አይሆንም።

ንጹሕ 24 ካራትስ? እሱም ለስላሳ ነው፤ ይጣመማል፣ ይጫጫራል። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ ስድስቱ መዳብ፣ ብርና የመሳሰለው ነው። ወርቁ ጥንካሬ የሚያገኘው ከዚያ ከርካሹ ጓደኛው ነው።

"ከሁሉ የሚጠነክረውስ?" ስል ጠየቅሁ።

"ብረት ነዋ ጋሼ! ግን ማን የብረት ቀለበት ያደርጋል?" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። የብረት ቀለበት ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ያውም በእኛ ሰበብ።

ጣሊያን መስከረም 1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ከኅዳር 8 ጀምሮ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለባት። ነዳጅን ያልነካ፣ ጥርስ የሌለው ማዕቀብ ነበር። ሙሶሊኒ ግን "ዓለም ተነሣብን" ብሎ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ሠራበት፤ "ወርቅ ለአባት አገር" የሚል ዘመቻም ተከፈተ። ልክ በወሩ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935) "የፌዴ ቀን" ተባለ። ፌዴ በጣሊያንኛ እምነት ማለት ነው፤ የጋብቻ ቀለበት ማለትም ነው። ንግሥት ኤሌና ሮም በሚገኘው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ፊት የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ሰጠች። ሴቶች ተከትለዋት ተሰለፉ። ወርቁን ሰጥተው በምትኩ ካህን የባረከው የብረት ቀለበት ጣታቸው ላይ አሠሩ።

ስንቱ በፍቅር፣ ስንቱ በፍርሃት ሰጠ? የሰውን ልብ ማን ያያል! ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ ብረት ባደረገበት ሰፈር ወርቅ ያደረገች ጣት ራሷን ታጋልጣለች። የዚያ ቀለበት ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ በየቀኑ የሚደረግ መታወቂያ ነበር።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። "ደራሲ ፍለጋ የወጡ ስድስት ገጸ ባሕርያት"ን የጻፈው ፒራንዴሎ በ1934 እ.ኤ.አ. የተሸለመውን የኖቤል ሜዳልያ ለዚህ ዘመቻ ሰጥቷል። እኔ ስለዚህ ታላቅ ጸሐፊ ስንት ዓመት ሳስተምር፣ ሜዳልያው እኛን ሊወጋ እንደ ተሰጠ አንድ ቀን እንኳ ለተማሪዎቼ አልነገርኩም። ሥነ ጥበብና ፖለቲካ ይለያያሉ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ያ ቀን ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት የራስ እምሩ ጦር ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ጦር ድል ነሥቶ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ተከዜ ላይ በዚሁ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ዘነበበት። ቀለበቶቹ ቀልጠው ጋዝ ሆኑ ማለቴ አይደለም። ግን እናቶች የትዳራቸውን ምልክት ሲሰጡ ምን እንደሚገዛበት የነገራቸው የለም፤ የጠየቁም ጥቂት ይመስሉኛል።

ባለቤቴም የወርቅ ቀለበቷን ሰጥታለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የበኩር ልጃችን ታሞ፣ ደመወዜ ለሐኪም ቤቱ አልበቃ ሲል፣ ከጣቷ አውልቃ "ሂድ ሽጠው" አለችኝ። ማንም አላሰለፋት፣ ማንም አላጨበጨበላት። ልጁ ዳነ። በኋላ እናቷ ያስቀመጡላትን ጠገራ ብር አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ ቀለበት አሠራች። 28 ግራም ከሚመዝነው ከዚያ ብር ለጆሮ ጌጥ የሚሆንም ተረፋት። ቀለበቱ ይጠቁራል፤ በአመድ ትወለውለዋለች፤ እንደገና ይጠቁራል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ወርቅ ልግዛልሽ ስላት "ይሄ ምን ሆነ?" ትላለች።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ፒያሳ ቆሜ ነገርኳት። ነጋዴውም ሚዛኑን ትቶ ሰማኝ። በመጨረሻ ድንጋይ የሌለው፣ ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ ጓንት የማይቀድ 18 ካራት መረጠች።

ባለፈው ፋሲካ ጣቷን ባዶ ባየው ደነገጥኩ። "ምነው?" አልኳት።

"ከሥራ መምጣቴ ነው። ቁስል ሳክም አወልቀዋለሁ፣ ጀርም ይይዛል" ብላ ከቦርሳዋ አውጥታ አጠለቀችው። "በየቀኑ አልኩህ እንጂ ቀኑን ሙሉ መች አልኩ?"