ያለ መሪ የሚኬደውን መንገድ ማን ሠራው?

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በራይን ወንዝ ሜዳና በቮዥ ተራሮች መካከል አልዛስ የምትባል ጠባብ አገር አለች። በተራሮቹ ግርጌ ባለው ተዳፋት ላይ ወይን ይበቅላል፤ ከወይኑ በላይ ጫካው ይጀምራል፤ ከጫካው በላይ ደግሞ ዛፍ የሌለበት የከብት ግጦሽ ጫፉን ይዞታል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ብዙ ሰው ይህችን አገር በእግሩ ለማቋረጥ ይመጣል። ሻንጣውን መኪና ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ያደርስለታል፤ እሱ ውሃውንና ካርታውን ይዞ ጠዋት ከአንዱ የወይን መንደር ይነሣል፣ ቀትር ላይ ጫካ ውስጥ ይሆናል፣ ማታ ሌላ የወይን መንደር ይገባል። መሪ የለውም፤ የጉዞ ድርጅቶችም ጉዞውን የሚሸጡለት በነጻነት ስም ነው፤ በራስህ ፍጥነት፣ በራስህ ፈቃድ ሂድ ይሉታል። ነገር ግን የመንገዱን ታሪክ የመረመረ ሰው ነጻነቱን በሌላ ዓይን ያየዋል። ተጓዡ ብቻውን መሄድ የቻለው ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሌሎች ሰዎች በየዛፉ ላይ ሲመሩት ስለኖሩ ነው። ከእነሱም በፊት የወይን ገበሬው፣ እረኛውና መነኩሴው ለብዙ መቶ ዓመታት እየተመላለሱ መንገዱን አውጥተውታል። ስለዚህ መሪ የለም የሚባለው ጉዞ እጅግ ብዙ መሪ ያለበት ጉዞ ነው።

ከወይኑ እንጀምር። ሪቦቪሌ፣ ሪክቪርና ካይዘርስበርግ የተባሉት የወይን ከተሞች ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድና በሁለት ሰዓት በእግሩ የሚደርስባቸው ናቸው፤ የዛሬው ተጓዥ ደስ የሚሰኝበት ቅርበት ይኸው ነው። ቅርበቱ ግን ለተጓዥ ታስቦ አልመጣም። ወይን ዓመቱን ሙሉ እጅ የማይለየው ተክል ነው፤ በክረምት ይገረዛል፣ በጸደይ ይታሰራል፣ ይኮተኮታል፣ በመከር ይለቀማል። ትራክተር ባልነበረበት ዘመን ገበሬው በየቀኑ ከቤቱ ወደ ተዳፋቱ ወጥቶ ማታ መመለስ ነበረበት፤ መንደሮቹም የተራራቁት ይህ ምልልስ በሚፈቅደው ልክ ብቻ ነው። ዝናቡም የራሱ ድርሻ አለው። ከምዕራብ የሚመጣው ደመና ውሃውን በቮዥ ጫፍ ላይ ያራግፍና ሜዳው ላይ ሲደርስ ባዶውን ይቀራል፤ በጫፉ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ ሲኖር ከታች ኮልማር የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያው ተራራ ከላይ ጫካውን አጥግቦ ከታች የወይኑን ዘለላ በፀሐይ ያበስላል። በመካከለኛው ዘመን ይህ ወይን ጠጅ በበርሜል እየሆነ በኢል ወንዝ ወደ ስትራስቡር፣ ከዚያም በራይን ወደ ኮሎኝና ወደ ሰሜን ገበያዎች ይጫን ነበር። ሪክቪርን የጎበኘ ሁሉ የሚያደንቀው የእንጨትና የድንጋይ ቤት የዚያ ንግድ ትርፍ ነው።

ወይኑንና ጫካውን ሁለት የተለያዩ ውበቶች አድርጎ ማየት የዛሬ ሰው ልማድ ነው፤ ለገበሬው ግን ሁለቱ አንድ ኑሮ ነበሩ። ከወይኑ እርሻ በላይ ወዲያው የሚጀምረውን የጫካ ክፍል ልብ ብሎ ያየ ሰው ፍሬው ተጠብሶ የሚበላውን የቼስትነት ዛፍ በብዛት ያገኛል። ገበሬው ይህን ዛፍ ከወይኑ አጠገብ ያበዛው እንጨቱ መሬት ውስጥ ቶሎ ስለማይበሰብስ ነው፤ ወይኑ ተደግፎ የሚያድግበት ችካል የሚሆነው እሱ ነበር። ግንዱ ሲቆረጥ ከጉቶው ብዙ ቀጭንና ቀጥ ያለ ቡቃያ ያወጣል፤ እነዚያ ቡቃያዎች ዓመታት ቆይተው ችካል ይሆናሉ። ዛሬ ወይኑ በሽቦ ይደገፋል፣ ቼስትነቱም ሳይቆረጥ አርጅቷል። በወይኑ ጫፍ ተነሥቶ በቼስትነቱ ውስጥ ዳገቱን የሚወጣው የእግር መንገድ ግን ያ ችካል በትከሻ ይወርድበት የነበረው መንገድ ነው። ይህን ያወቀ ተጓዥ ከወይን ወደ ጫካ ሲሻገር ድንበር ያለፈ አይመስለውም።

ከዚያ በላይ ያለው መንገድ የእረኛው ነው። በሙንስተር ሸለቆ ከ7ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ገዳም ነበር፤ ታዋቂው አይብም የሚጠራው በዚሁ ሸለቆ ስም ነው። ማርኬር የሚባሉት እረኞች በልማዱ በሜይ 25፣ በቅዱስ ኡርባን ቀን፣ ላሞቻቸውን ይዘው ወደ ጫፉ ግጦሽ ይወጣሉ፤ በሴፕቴምበር 29፣ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ ይወርዳሉ። ወተቱን ከላይ ያለቡታል፣ እዚያው አይብ ያደርጉታል። ቅዱስ ኡርባን የወይን ገበሬዎችም ጠባቂ ነው፤ ስለዚህ እረኛው ዳገቱን የሚጀምርበት ቀን ከታች ላለው ገበሬ ወይኑን ከውርጭ እንዲጠብቅለት የሚለምንበት ቀን ነው። ዛሬ ተጓዡ ጫፉ ላይ ደርሶ ምሳ የሚበላባቸው የእርሻ ቤቶች የእነዚህ እረኞች ወራሾች ናቸው። ግጦሹም ራሱ በጫካ ምንጣሮ የሰፋና በላም ጥርስ የተጠበቀ ነው፤ ላሞቹ ቢቀሩ ጫካው አብዛኛውን መልሶ ይወስደዋል፣ ተጓዡ የሚወደው ሰፊ እይታም አብሮ ይጠፋል።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ የሚያውቀው የአገሩን ሰው ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ብቻውን ቢገባበት ይጠፋል፤ ጫካ ውስጥ ያለ የእንጨት ቆራጭ መንገድ ሁሉ ተመሳሳይ ነውና። ለውጡ የመጣው ቀለም ሲገባ ነው። ከናፖሊዮን ጦር የተረፈው ክሎድ ፍራንሷ ደንኩር በፓሪስ አቅራቢያ ባለው የፎንቴንብሎ ጫካ ውስጥ በ1842 ለሽርሽር የሚሆን የእግር መንገድ አውጥቶ በሰማያዊ ቀለም አቅጣጫውን ማመልከት ጀመረ። ከራይን ማዶ በ1864 የጥቁር ጫካ ማኅበር በፍራይቡርግ ተቋቋመ። በቮዥ ደግሞ በ1872 ሪቻርድ ሽቲቨ የተባለ ዳኛ በሳቬርን ከተማ የቮዥ ክበብን አቋቋመ። ክበቡ መንገድ ጠረገ፣ አግዳሚና መጠለያ ሠራ፣ መመልከቻ ግንብ አቆመ፣ ካርታ አወጣ፤ ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሊያነበው የሚችል የምልክት ሥርዓት ዘረጋ። አራት ማዕዘን ምልክት ሩቅ የሚሄድ መንገድ ነው፤ ቀለበት ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ ነው፤ ሌሎቹም ቅርጾች የየአካባቢው ናቸው። ቀዩ አራት ማዕዘን የቮዥን ተራሮች ከሰሜን እስከ ደቡብ ይዘልቃል፤ በመንገዱም አንዴ ወደ ጫፉ ይወጣል፣ አንዴ ወደ ባር፣ ወደ አንድላውና ወደ ሪቦቪሌ ወይን ይወርዳል። ከ1947 ወዲህ የፈረንሳይ ረጅም መንገዶች በነጭና ቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግባቸው ቮዥ የራሱን ምልክት ይዞ ቀረ፤ ከሰሜን ባሕር እስከ ኒስ የሚወርደው ጂ ኤር 5 የሚባለው መንገድ እንኳ እዚህ ሲደርስ በቀዩ አራት ማዕዘን ይመራል።

እዚህ ላይ ከባድ መቃወሚያ ይነሣል። 1872 ምን ዓመት ነው? በፕሩሲያ የምትመራው ጀርመን ፈረንሳይን ድል አድርጋ በፍራንክፈርት ውል አልዛስን ከወሰደች ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነው። የክበቡ መሥራቾችና ቀደምት አባላት አብዛኞቹ ከጀርመን የመጡ ዳኞች፣ ሹማምንትና መምህራን ነበሩ። ስለዚህ በመንገድ ላይ ምልክት ማድረጉ አገር የመያዝ ሌላ ስልት ነበር የሚል ሰው መሠረት የሌለው ነገር አይናገርም። የቀዳማዊ ቪልሄልም የልጅ ልጅ የሆነው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በአልዛስ ፍርስራሽ የነበረውን የኦ-ኬኒግስቡር ግንብ ከ1900 እስከ 1908 በአርክቴክቱ በቦዶ ኤብሃርት ሲያሠራ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ይህ አገር የጀርመን ነው ብሎ በድንጋይ መናገር ነው። ጫፉ ላይ ያሉት የወሰን ድንጋዮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ቁመታቸው ከጉልበት ብዙ አያልፍም፤ በአንድ በኩል ፈረንሳይን የሚያመለክት ፊደል፣ በሌላው በኩል ጀርመንን የሚያመለክት ፊደል ተቀርጾባቸዋል። በብዙዎቹ ላይ የጀርመኑ ፊደል በመሮ ተፍቋል፤ ከ1918 በኋላ አገሩ ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ የተደረገ ነው። ተጓዡ ዛሬ በዚያ ሻካራ ጠባሳ ላይ ጣቱን ማሳለፍ ይችላል።

ይሁን እንጂ መቃወሚያው የመንገዱን አጀማመር እንጂ ጸንቶ መቆየቱን አያስረዳም። መንገዱ የወራሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከድንጋዩ ላይ ፊደሉን የፋቀው መሮ ከዛፉም ላይ ቀለሙን በፋቀው ነበር። አልፋቀውም። ከ1918 በኋላ ብዙዎቹ ጀርመናውያን ሹማምንት አገሩን ለቀቁ፤ ክበቡ ግን በፈረንሳይኛ ስሙ ቀጠለ፣ ምልክቱም ቆየ። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፤ የእግር መንገድ በአዋጅ አይኖርም፣ በየዓመቱ የሚጠርገው ሰው ሲገኝ ብቻ ይኖራል፤ የሚጠርገውም በቅርብ ያለው የመንደር ሰው ነው። ግንብ አንዴ ተሠርቶ ይቆማል። መንገድ ግን በተረሳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የጠባቂው ነው።

ጦርነቱም መንገድ ሠርቷል፤ ይህን ሳያነሡ ስለ ቮዥ ውበት ብቻ ማውራት ለሞቱት ሰዎች አይገባም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዮች ለጦራቸው ስንቅ ማመላለሻ እንዲሆን የጫፉን መኪና መንገድ ሠሩ፤ የጀርመን መድፍ እንዳያየውም በብዛት በምዕራቡ በኩል አሳለፉት። 956 ሜትር ከፍታ ባለው በሃርትማንስቪለርኮፕፍ ተራራ በተለይ በ1915 ብዙ ሺህ ወታደር አለቀ፤ ምሽጉ እስከ ዛሬ ዛፉ መካከል ይታያል። ቀዩ አራት ማዕዘን በሚያልፍበት በሽትሩቶፍ ደግሞ ናዚዎች ከ1941 እስከ 1944 የማጎሪያ ካምፕ ነበራቸው። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በኮልማር ዙሪያ በተደረገው ውጊያ ቤንቪር፣ ሚተልቪር፣ ሲጎልስሃይምና አመርሽቪር የተባሉት የወይን መንደሮች ወደሙ ማለት ይቻላል። በ1953 የአልዛስ የወይን መንገድ ተብሎ ከማርለንሃይም እስከ ታን 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የመኪና መንገድ ሲመረቅ፣ ዓላማው ከዚህ ፍርስራሽ የተነሡት መንደሮች ወይናቸውን እንዲሸጡ ጭምር ነበር። ተጓዡ በአበባ ካጌጠው ሪክቪር ወጥቶ አዲስ ቤት ብቻ ወዳለበት ቤንቪር ሲገባ ቅር አይበለው፤ አዲስነቱ ራሱ ታሪክ ነው።

የመጨረሻው መቃወሚያ የዘመናችን ነው። ስልክ ካርታውን ይዟል፣ ሳተላይት ተጓዡ የቆመበትን ያሳየዋል፤ ታዲያ ቀለም ምን ያደርጋል? ስልክ ጠቃሚ ነው፤ ግን የሚያሳየው መስመር አንድ ሰው ጠርጎ ያቆየውን መንገድ ነው። በዲሴምበር 1999 ሎታር የተባለው አውሎ ነፋስ በአንድ ቀን የቮዥን ጫካ ሰፊ ክፍል ሲጥል፣ ምልክት ያለባቸው ዛፎች ምልክታቸውን ይዘው ወደቁ፤ መንገዶች ተዘጉ። በካርታው ላይ መስመሩ አልተነካም፤ መሬት ላይ ግን ተደራርቦ በወደቀ ግንድ ስር ነበር። የከፈቱት መጋዝና ቀለም ይዘው የወጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬም በመንገዱ ላይ የሚሠሩት አባላት፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች፣ ያለ ደመወዝ በየዓመቱ የወደቀውን ይቆርጣሉ፣ የደበዘዘውን መልሰው ይቀባሉ፣ መንታ መንገድ ላይ ደግሞ ተጓዡ አለመሳሳቱን እንዲያውቅ ከመገንጠያው አልፈው አንድ ምልክት ይጨምራሉ። ክበቡ የሚጠብቀው መንገድ ተደምሮ ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ማሠራት ለየትኛውም የጉዞ ድርጅት አያዋጣም።

ስለዚህ በፍራንክፈርት፣ በባዝል ወይም በስትራስቡር የምትኖሩና ለጥቂት ቀን ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ አንባብያን አንድ ነገር አድርጉ። ለማረፊያው፣ ለወይኑና ለሻንጣው ማጓጓዣ ትከፍላላችሁ፤ ከዚህ ገንዘብ ግን ለቀለም ቀቢው የሚደርሰው የለም ማለት ይቻላል። ስልካችሁ ካርታ ቢኖረውም የቮዥ ክበብ ያወጣውን የወረቀት ካርታ ግዙ፤ ለመንገዱ የሚከፈል ሌላ ቲኬት የለም።