ባሕር ዛፉና የእናቴ ቮልስ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሉኝና ልቀጥል። ላም ግን የለበትም። ያለው አንዲት ቮልስ፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ መዶሻ የያዙ ሽማግሌና አንድ ችኩል ልጅ ነው። ችኩሉ እኔ ነኝ።

ነሐሴ ነው፤ ሌሊት ነው። ዝናቡ ከምሽት ጀምሮ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ቆይቶ ነፋስ ተጨመረበት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከጓሮ በኩል መጀመሪያ ጠጠጠጥ፣ ቀጥሎ ጓ! አለ። ቤቱ ተናወጠ፤ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ የእጅ ባትሪ ይዛ ወጣች፤ እኔም በባዶ እግሬ ተከተልኳት። ባትሪውን ስታበራው ምን ብናይ ጥሩ ነው? አጥሩ ጥግ የኖረው ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ቮልሷ ላይ ተጋድሟል።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ያቺን ቮልስ የገዛቻት ዕቁብ ጥላ፣ ከደመወዟ እየቆነጠረች ነው። ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በሷ ነበር፤ እኔን ለክትባት የወሰደችኝ በሷ ነበር፤ የሰፈሩ ሙሽራ የታጀበው በሷ ነበር። ያን ሌሊት ግን አላለቀሰችም። ባትሪውን አጠፋችና «ሰው አልነካ፣ ተመስገን» ብላ ገባች። ጠዋት ግንዱ በመጋዝ ተቆራርጦ ተነሳ፤ ቮልሷ ሸራ ለበሰች። ስምንት ክረምት እንደለበሰች አለፈባት።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው የቁራሌን ድምፅ ያውቀዋል። «ቁራሌው!» እያለ በር ለበር ይዞራል፤ አሮጌ ጫማም፣ የተበሳ ድስትም፣ ያለቀ ባትሪም ይገዛል። አንድ እሑድ እናቴ ቅዳሴ ላይ ሳለች ጠራሁት። ሸራውን ገልጦ አየ። ጎማዋን በእግሩ መታ አደረገና ዋጋ ጠራልኝ። በኪሎ! እኔም ስከራከረው እናቴ ከበር ደረሰች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እሷን በኪሎ የምትሸጣት ከሆነ እኔንም አብረህ መዝነኝ» አለችኝ።

ቁራሌው ጆንያውን አንስቶ ውልቅ አለ። እኔም በማግስቱ ባትላሜራ ፍለጋ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁማችሁ። ባትላሜራ ማለት በጣሊያንኛ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲሄድ የጋራዥ ቋንቋውን ይዞ አልሄደም። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ… ሁሉም እዚሁ ቀሩ። ካንዴላ በነሱ ቋንቋ ሻማ ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው፤ በድሮዎቹ መኪኖች ላይ እውነትም መታጠፊያ ሲደርስ ከጎን እንደ ክንድ ብቅ የምትል ቀስት ነበረች። እና እኛ ጀርመን የሠራትን መኪና በጣሊያን ቃል እየፈታን፣ ከሶማሌ ተራ በተገዛ ዕቃ እየገጠምን፣ በአማርኛ እየተሳደብን ስድስት ወር ከረምን።

ባትላሜራው ሥራ የተዉ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ከዚህ ሌላ ስም አልሰጣችሁም። የመጡ ዕለት ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። ቮልሷን ሦስት ጊዜ ዞሯት። ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ መዳፋቸውን በጣራዋ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አስኬዱ። ከዚያ ጠየቁኝ፦

«ዛፉ መጀመሪያ የነካት የት ላይ ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ በምን ዐውቃለሁ? ጨለማ ነበር።»

«እሷ ታውቃለች» አሉና ማንበብ ጀመሩ። ግንዱ መጀመሪያ ያረፈው ጣራው መሐል ላይ ነው። ጣራው ሲሰምጥ የፊት መስታወቱን ማቀፊያና የቀኙን በር ጉበን ጎትቶ አጣመመ። ከዚያ ግንዱ ተንሸራትቶ የቀኙን የፊት ፓራፋንጎ ጨፈለቀ። በመጨረሻ ጫፉ ላይ ያለው ቅርንጫፍ የፊቱን ኮፋኖ ገርፎ አለፈ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ሌሊቱን አብረውን ያደሩ ነበር የመሰለኝ።

«እንግዲህ ስንመልሳት ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው» አሉ። «መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። ጣራው መጨረሻ ነው።»

እኔ ደግሞ ዓይኔ ጣራው ላይ ነው። ትልቁ ጉዳት እሱ፤ የሚያስጠላው እሱ። ለምን ከሱ አንጀምርም? ጋሼ ምክንያቱን ሲያስረዱኝ አንዲት ቁራጭ ላሜራ አንስተው አጠፏት፤ መልሰው ሊያቃኗት ቢሞክሩ መታጠፊያው አልቃና ብሎ አጠገቡ ጎበጠች። ላሜራ የታጠፈበት ቦታ ይጠነክራል፤ ለስላሳ ሆኖ የሚቀረው ዙሪያው ነው። መሐሉን ብትመታው የሚታዘዝህ ለስላሳው ነው፤ ጠንካራው እጥፋት እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ በጠርዝ በጠርዙ ያሉት እጥፋቶች ቀድመው መለቀቅ አለባቸው። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ሥራው የተጀመረው ጥቅምት ላይ፣ በየቅዳሜው ነው። የኋላ ወንበሯን አንስተን መሐል ለመሐል የሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ጠረግነው፤ በ116 ይጀምራል። 11 የመኪናው ዓይነት ነው፤ 6 ደግሞ የ1966 ሞዴል መሆኗን ይናገራል፤ በኛ አቆጣጠር 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ሆነ። የኋላው፣ የሞተሩ ኮፋኖ ላይም 1300 የሚል ጽሑፍ አለባት፤ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ናት።

በዚያው ወንበር ሥር በስተቀኝ ባትሪው ይቀመጣል። የቮልስ ወለል የሚበሰብሰውም ከዚያ ነው፤ አሲዱ ይንጠባጠባል፣ እርጥበቱ ያግዘዋል። ጣቴን ባሳርፍ ጣቴ መሬት ነካ። ጋሼ ሳቁ። «ጣራ ለማንሣት ወለል ያስፈልጋል» አሉ። የበሰበሰውን ቆርጠን ጣልን፤ በአንድ ሚሊሜትር ላሜራ ቀርጸን በየዳን። ሁለት ወር ሄደ፤ ጣራው እንደሰመጠ ነው።

ሞተሩን ያወረድነው በአንድ ከሰዓት ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ሽቦውንና የነዳጅ ቱቦውን ፈትተህ በክሪክ ዝቅ ታደርገዋለህ፤ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥልሃል። ይህ ሞተር ውኃ አይጠጣም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ቺንጊያው ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ቬንትሌተሩን ያዞራል፣ ቬንትሌተሩ ነፋሱን በሲሊንደሮቹ ላይ ይረጫል። የቬንትሌተሩን ቤት ስንከፍት ግን ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች! በምን? በእናቴ የፈተና ወረቀቶች። ቀይ እርማቱ ሳይቀር ይታያል። እንዲያው አስነሥተናት ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በራሱ ሙቀት ተጠብሶ ያርፍ ነበር።

ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስተኛውን ጋሼ ለብቻው ደጋግመው ፈተሹት። የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ተገትሮ ነፋሱን ስለሚከለክለው ከሁሉም በላይ የሚግለው እሱ ነው። ቫልቮላዎቹን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በ0.10 ሚሊሜትር አስተካከልን፤ ካንዴላዎቹን በ0.7፤ ፑንቲናውን በ0.4። አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ረቡዕ ነው፤ ጋሼ የሉም። ኮፋኖው ወጥቷል፤ ፓራፋንጎውም በቡሎን የታሰረ ነገር ስለሆነ ተፈትቶ፣ ተቀጥቅጦ ቀንቷል። የሚቀረው ማቀፊያውና ጣራው ነው። ክሪኩ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ጣራው ከላይ። ሦስት ጊዜ ባዞረው ምን አለበት? አዞርኩት። ጣራው እያቃሰተ ወደ ላይ ወጣ፤ ደስ አለኝ። ክሪኩን ስለቅ ግማሹ ተመለሰ፤ ግማሹ እንዳበጠ ቀረ። ስጫነው ጠቅ ብሎ ይገባል፤ ስለቀው ጠቅ ብሎ ይወጣል። ላሜራው ተለጥጧል።

ቅዳሜ ጋሼ መጡ። መዳፋቸውን ጣሉበት። ጠቅ አለ። አዩኝ።

«ማን ነው እዚህ የመጣው?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ የብየዳውን እሳት አቀጣጠሉ። አንድ ሳንቲም የምታህል ነጥብ እስክትቀላ አሞቁ፣ ዙሪያዋን ቶሎ ቶሎ በመዶሻ ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ጣሉባት፤ ጭሽሽ! የሞቀው ላሜራ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የተለጠጠውን የሚሰበስበው ይህ ነው። አንድ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ። የኔ አምስት ደቂቃ የሳቸውን ሁለት ቅዳሜ በላ።

ከዚያ በኋላ ነው ጣራው በወጉ የተነሣው። ክሪኩ ብቻውን አይደርስም፤ ከሱ እስከ ጣራው የሚደርስ ድጋፍ ያስፈልጋል። ጋሼ ግቢውን በዓይናቸው ቃኙ። አጥሩ ሥር ያ ባሕር ዛፍ ተቆራርጦ ተደርድሯል፤ ስምንት ዓመት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አንዱን ጉማጅ መረጡ፣ ለኩ፣ በመጋዝ ቆረጡ። ጫፉን በመጥረቢያ የጣራውን ጉብታ አስመስለው ጠረቡት፣ የጎማ ቁራጭም አለበሱት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጣላት ዛፍ ነው» አልኳቸው።

«እሾህን በእሾህ» አሉና ክሪኩ ላይ አቆሙት።

አንድ ሩብ ዙር ያዞራሉ፤ በጠርዙ ያለውን እጥፋት ኳ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ይቆማሉ። ሻይ ይጠጣሉ። ሌላ ሩብ ዙር። በየመሐሉ የፊት መስታወቱን ክፈት በሲባጎ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለካሉ፤ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች፣ ከቀኝ ላይ ወደ ግራ ታች። መጀመሪያ የሁለቱ ልዩነት ሁለት ጣት ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ጣት ሆነ። በሦስተኛው ሲባጎው ከሁለቱም በኩል እኩል መጣ፤ ስምንት ዓመት አልዘጋ ያለው የቀኙ በር ግጥም ብሎ ተዘጋ። ሊያዩ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች አጨበጨቡ።

ከመካከላቸው አንዱ በኤሌክትሪክ መኪናው ሲያልፍ ነበር የቆመው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏልና በሰፈራችንም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። «ለዚህች ይህን ያህል መድከም ምንድነው?» አለ። ጋሼ ከመዶሻቸው ቀና ሳይሉ «ያንተም ላይ ዛፍ ሲወድቅ ጥራኝ» አሉት።

ስቱኮ? በጣም ጥቂት። መጀመሪያ ሞረድ በጣራው ላይ በስሱ ይሄዳል፤ ከፍ ያለው ቦታ ያብለጨልጫል፣ ዝቅ ያለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ጥቁሩን እንደገና በመዶሻ ይጠሩታል። ስቱኮ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ከጥፍር ውፍረት እንዳያልፍ ተቆጥተውኛል።

የፊት መስታወት ከሶማሌ ተራ ተገኘ። የሚገጠመው እንዲህ ነው፦ ጎማው በመስታወቱ ዙሪያ ይለበሳል፤ የጎማው ከንፈር ውስጥ ሲባጎ ይቀበራል፤ ሳሙና ውኃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይገፋል፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይስባል፤ ከንፈሩ እየተገለበጠ ብረቱን ይነክሳል። ከውስጥ ማን ይግባ ስንል እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ገባች። ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሄዳ አታውቅም ነበር። ሲባጎውን ስባ ጨርሳ ግን አልወጣችም። መሪውን ይዛ ቁጭ አለች።

ሚያዝያ ላይ ሞተሩን አስነሣን። ባትሪዋ 6 ቮልት ብቻ ስለሆነች ሞተሩን የምታዞረው እንደ አሮጊት ነው፤ እህ… እህ… እህ… ከዚያ ያዘች! ቀለም ከተቀባች በኋላ ጋሼ አንድ ነገር ቀረ አሉ። የካርቡራቶሩን የነዳጅ ቀዳዳ በአነስተኛ ቁጥር ለወጡት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ነዳጅ እዚህ ሲመጣ ይበዛና ጥቁር ጭስ ይሆናል።

በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውኃ ጣራዋ ላይ ደፉባት። እናቴ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች። ጠብታ አልገባም።

ቦሎ የተለጠፈላት ዕለት እናቴ ራሷ ነዳቻት፤ እኔ ከጎኗ፣ ጋሼ ከኋላ። ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረን ስንመለስ ሒሳባቸውን ሰጠኋቸው። ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያቺን ጉማጅ ይስጡኝ። ቆንጆ ድጋፍ ወጥቷታል፤ ሌላ መኪና ታነሣልኛለች።»

ሰጠቻቸው። ባሕር ዛፉን በትከሻቸው ተሸክመው በበሩ ሲወጡ ቆመን አየናቸው።

በልጅነታችን ተረት ሲያልቅ «መልሱ» እንባላለን፤ እንዴት እንደሚመለስ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እኔ የነገርኳችሁ ከዛፉ ጀምሬ እስከ ቦሎው ነው። እናንተ ስትመልሱት ከመጨረሻው ጀምሩና ጣራውን ለመጨረሻ አቆዩት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ።