አፍረን ቀሎ፦ ከሠርግ ቤት የተነሣው የኦሮምኛ ዘመናዊ ሙዚቃ ቡድን

አፍረን ቀሎ እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ በድሬዳዋ ከተማ የተመሠረተ የሙዚቃ ቡድን ነው። ስያሜው በኦሮምኛ «አራቱ ቀሎ» ማለት ሲሆን፣ በሐረርጌ የሚኖሩትን የአላ፣ የኦቦራ፣ የባቢሌና የዳጋ ጎሳዎች በአንድነት ይጠራል። ቡድኑ በዚህ ስም የቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በሠርግ ድንኳንም ሆነ በሚኒባስ ውስጥ የሚሰማው የኦሮምኛ ዘመናዊ ዘፈን፣ ሐረጉ ሲመዘዝ አንዱ ሥሩ ወደ እነዚያ ወጣቶች ያደርሳል።

በዚያው በ1962 እንግሊዛዊው ቢትልስ የተባለ ባንድ በራሱ ስም የመጀመሪያውን ሸክላ ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱን ማነጻጸር የሩቅ ዝምድና መፈለግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም የመተላለፊያ ከተማ ልጆች ናቸው። ሊቨርፑል የመርከብ ወደብ ነበረች፤ ድሬዳዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የደረሰባት፣ በሐዲዱም ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ የመናዊው፣ ሕንዳዊው፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር። በዚያች ከተማ ያደገ ልጅ የገጠሩን ሸጎዬ፣ የዐረቡን ዑድና የሱዳኑን ዜማ እኩል እየሰማ ነው ጆሮው የሚገራው።

ልዩነቱ ያለው መድረኩ ላይ ነው። ቢትልስ ስቱዲዮ፣ የሸክላ ኩባንያና የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረው። በንጉሡ ዘመን ግን የመንግሥት ሥራ፣ የትምህርትና የመድረክ ቋንቋ አማርኛ ስለነበር፣ በኦሮምኛ የሚያዜም ቡድን ፈቃድ አግኝቶ አዳራሽ የሚከፈትለት አልነበረም። ለአፍረን ቀሎ የቀረለት የሠርግ ቤት ነው። ሠርግ ፈቃድ አያሻውም፤ ደጋሹ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዘፈኑም ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ከዚያ በፊት በከተማው ሠርጎች በብዛት ይሰማ የነበረው የዐረብኛ፣ የሶማሊኛና የሐረሪ ዘፈን ነበር። አሁን ሙሽራው በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ በዘመናዊ መሣሪያ ታጅቦ ይዘፈንለት ጀመር። እድምተኛው ዘፈኑን ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ሬዲዮ ባያሰማውም ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

ሐረርጌ በዚያን ጊዜ የቋንቋው መነቃቃት የሚሰማበት አካባቢ ነበር። የሃይማኖት መምህርና ገጣሚ የሆኑት ሼህ በክሪ ሰፓሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የተለየ ፊደል ፈጥረው ነበር።

ከቡድኑ አባላት መካከል ዓሊ ሸቦ ይገኝበታል። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የገነነው ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ሳለ የተቀላቀለው ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው። ይህ ልጅ መጀመሪያ የተጫወተው ዘፈን «ቢራ ዳ በሪኤ» ይባላል፤ «ቢራ» የሚለው መጠሪያም ከዚሁ ወጣለት። ቃሉ ከጠመቃው ቢራ ጋር ግንኙነት የለውም። ኦሮምኛ ተናጋሪው አርሶ አደር እንደሚያውቀው ቢራ ክረምቱ አልፎ ሰማይ የሚጠራበት፣ አበባ የሚፈነዳበት ወቅት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ቡድኑ ታገደ፤ አባላቱም ተበተኑ፤ የታሰሩም ነበሩ። ዓሊ ወደ ጅቡቲ ቢሻገርም ተይዞ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነው፤ ቡድኑን ያገደው መንግሥት የራሱ የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ዓሊን ተቀበለው። በዚያ ቤት እነ ጥላሁን ገሠሠ ነበሩ። ጥላሁንም ቢሆን በኦሮምኛ ዘፍኗል። የድሬዳዋው ልጅ በዑድ የለመደውን ዜማ ከትልቅ ኦርኬስትራ አሠራር ጋር ያስተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ሥራ በኦሮምኛ ሙዚቃ ታሪክ የመጀመሪያው አልበም ተደርጎ ይጠቀሳል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኦሮምኛ በሬዲዮ ይሰማ ጀመር፤ «በሪሳ» ጋዜጣም መታተም ጀመረ። ካሴት ሲስፋፋ ደግሞ በሠርግ ቤት ብቻ ይዞር የነበረው የዘፈን ዓይነት በአውቶቡስ መናኸሪያና በገበያ ሱቅ ተቸረቸረ። ዓሊ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ የዘፈነ ሲሆን፣ ይህም ያደገባትን ከተማ ጆሮ ያሳያል። ፍቅርን ሲያዜም አገርን፣ አገርን ሲያዜም ፍቅርን የሚያሰማ ግጥም የመረጠው፣ ቀጥታ መናገር ባልተቻለበት ዘመን ስላደገ ይመስላል። ይህ ልማድ ከእርሱ በኋላ በመጡት ድምፃውያን ዘንድ እስከ ዛሬ አለ።

ዓሊ ለረጅም ዓመታት በውጭ አገር፣ በተለይም በስዊድንና በካናዳ ኖሯል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። የቀድሞ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን ለዓለም ያስተዋወቀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም 28ኛውን ክፍል የሰጠው ለእርሱ ነው።

አርቲስት ዶክተር ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ሆስፒታል በሕክምና ላይ እያለ ዐረፈ። የተቀበረውም አፍረን ቀሎ በተመሠረተባት በድሬዳዋ ነው።