ወረራና ማካካሻ በገበታ ጨዋታ ታሪክ

ከቆቦ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የራያን ቆላ በአላማጣ ያጠናቅቃል። ከዚያም የግራ ካሕሱን ዐቀበት ወጥቶ ኮረምን፣ የአሸንጌን ሐይቅና ማይጨውን እያለፈ እንደርታ ይደርሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንደርታው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ አደባባይ ሰንጠረዥ የተወደደ ጨዋታ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 መስፍኑን በጎበኘ ጊዜ የተመለከተውን ጽፎ አቆይቶልናል። አብሮት የመጣው ናትናኤል ፒርስ ደግሞ በመስፍኑ ዘንድ ቀርቶ፣ በኋላ በአሸንጌ በኩል ወደ ላስታ ተሻግሯል።

ሶልት እንደሚለው ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በግርድፉ የተሠሩና ትልልቆች ነበሩ። የባላጋራ ጠጠር ሲበላ በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይነሣል። በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ ጠጠር እያነሣ የሚሻለውን አካሄድ ያሳያል። ይሁን እንጂ ሶልት አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ ይኸውም ጨዋታው ሁልጊዜ በብልሃት እየተመራ በመስፍኑ አሸናፊነት መፈጸሙ ነው።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ 64 ቤት አለው፤ ቤቶቹም በሁለት ቀለም አይለዩም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሳባ፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የተባሉ ጠጠሮች ይሰለፉበታል። ከሌላው ዓለም ጨዋታ የሚለየው በተለይ አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ክፍል ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈቃዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። ጀማሪው ለመደርደር ሲቸኩል፣ የሠለጠነው የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። የአጨራረሱም ክብር ደረጃ አለው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ቀላል ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ በሳባ፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ መፈጸም ያስመሰግናል። ይህም ብርቱው በራሱ ላይ የሚጭነው ሸክም፣ ማለትም አንድ ዓይነት ማካካሻ ነው።

በአንጻሩ በሩቅ ምሥራቅ ማካካሻው በግልጽ ተደንግጓል። በቻይና ተፈልስፎ በጃፓን የረቀቀው ጎ የተባለው ጨዋታ ዓላማው ቦታን በጠጠር ከብቦ መያዝ ነው። ጠጠሮቹ የሚቀመጡት በመስመሮች መገናኛ ላይ ነው። የሆንኢንቦ ቤት አራተኛ አለቃ የነበረው ዶሳኩ (1645–1702 እ.ኤ.አ.) የተጫዋቾችን ደረጃና በመካከላቸው የሚሰጠውን ማካካሻ ሥርዓት እንዳስያዘ ይነገርለታል። ደካማው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ጥቁር ጠጠሮች አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ነጭ ጠጠር የያዘው ብርቱው ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

ትልቁ የጎ ገበታ 19 መስመር በ19 ሲሆን፣ ከትንንሾቹ አንዱ 13 በ13 ነው። በዚህ ትንሽ ገበታ የማካካሻ ጠጠር ከሁለቱም ጠርዝ በአራተኛው መስመር ላይ ይቀመጣል። በሦስተኛው መስመር መገናኛ ያለው የማዕዘን በር ግን ክፍት ነው፤ ብርቱው የሚገባውም በዚያ ነው። ሁለቱ ጠርዞች እንደ ግድግዳ ስለሚያገለግሉት፣ ሁለት የተለያዩ ባዶ ዓይኖችን ከልሎ በሕይወት ለመቆየት ጥቂት ቦታ ይበቃዋል። ብቻውን የቆመ ጥቁር ጠጠር ሊገድለው አይችልም። ስለዚህ የተከላካዩ ጥያቄ «እንዴት ልግደለው?» ሳይሆን «ከየትኛው ወገን ልዝጋው?» መሆን አለበት። መልሱም ወዳጅ ጠጠር ባለበትና ሰፊ ቦታ በሚገኝበት ወገን መዝጋት ነው። በ13 መስመር ገበታ በሁለት ማዕዘኖች የማካካሻ ጠጠሮች መካከል ያሉት ባዶ መገናኛዎች አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ በውጭ የሚሠራው ግንብ ወዲያው ከጎረቤቱ ጠጠር ጋር ይያያዛል። ወራሪው ጠባቡን ማዕዘን ሲይዝ ተከላካዩ ጎኑን በሙሉ ያተርፋል። አስቀድሞ በሁለቱም ወገን ረዳት ጠጠር ካለ ግን ወራሪውን ለመግደል መሞከር ይቻላል። የጀማሪው የተለመደ ስሕተት ረዳት ሳይኖረው ለመግደል መነሣቱ ነው፤ በዚህም ግንቡ ይሰነጠቃል፣ የተሰጠው ማካካሻም ያልቃል።

ይህ ጥበብ ለቆቦ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ገበሬው የሆርማትን ወይም የጎሊናን ደራሽ ጎርፍ በግንባሩ ለመገደብ አይነሣም። ከቅርንጫፍና ከአፈር በተሠራ ጊዜያዊ ክትር ከፊሉን ወደ ማሳው ይመልሳል፤ የቀረው በራሱ መንገድ እንዲያልፍ ይለቀዋል። ኃይልን ሁሉ ለመግታት የሚሞክር ክትሩንም ማሳውንም ያጣል።

በጎ ማካካሻው በገበታው ላይ ስለሚታይ ሊቆጠር ይችላል። ተማሪው ሲበረታ ዘጠኙ ጠጠር ወደ ስምንት፣ ስምንቱ ወደ ሰባት ይወርዳል፤ በመጨረሻም እኩል ለእኩል ይቀመጣሉ። በእንደርታ አደባባይ ግን ማካካሻው የሚሰጠው ለመስፍኑ ነበር፤ የሚሰጠውም በስውር ነው። በዚህ ምክንያት የመስፍኑ ጨዋታ መሻሻሉን ማንም ሊለካ አይችልም፤ ድሉም ስለ ችሎታው የሚመሰክረው ነገር የለም።

የንድፍ ስሌት በሚመረመርበት ጠረጴዛ ዙሪያም ይኸው ምርጫ አለ። ለወጣቱ ባለሙያ የሚደረገው ድጋፍ በግልጽ ተነግሮ፣ እየበረታ ሲሄድ በግልጽ ሊቀነስ ይገባል። ለአለቃ የሚደረገው ስውር ይሉኝታ ግን መቅረት አለበት። የአለቃው ስሌት ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ በሚወጣበት መሥሪያ ቤት፣ ስሕተቱን የሚያገኘው ጎርፉ ነው።